የእርሳስ አረር ምንድን ነው? ለአደን ጠመንጃስ እንዴት ይመረጣል?

ፒያሳ ቡና ላይ የአደን ጨዋታ ከተነሳ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ጠመንጃው ላይ ያርፋል። አንዱ ውጅግራ ይላል፣ ሌላው የለም ምንሽር ይላል። እንስሳው ዘንድ የሚደርሰው ግን አረሩ ነው። ስለ አረር ደግሞ የሚነገረው ትንሽ ነው። ከሚነገረውም ውስጥ በጣም የተለመደው ነገር ስህተት ነው፤ «አረር በጠነከረ ቁጥር ይሻላል» የሚለው።

መጀመሪያ ነገሩን እንለይ። አንድ ጥይት ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከኋላ በኩል የሚመታ መለኮሻ እና ከፊት የተሰካ አረር አለው። ሲተኮስ ቀለሁ እዚያው ይቀራል፣ አረሩ ይሄዳል። የእርሳስ አረር የምንለው እርሳስ ቀልጦ ፎርማ ውስጥ ፈስሶ የሚወጣውን ነው። የመዳብ ልባስ የለውም። ዛሬ ፋብሪካ የሚያወጣው የጠመንጃ ጥይት አብዛኛው ባለ ልባስ ነው።

እርሳስ የተመረጠው ከባድ ስለሆነና ቶሎ ስለሚቀልጥ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ይመዝናል። ያንኑ የሚያህል ብረት 8 ግራም እንኳን አይሞላም። ብረት ለማቅለጥ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል፤ ለእርሳስ 327 ይበቃል።

ችግሩ ልስላሴው ነው። ንጹሕ እርሳስ በጥፍር ይጫራል። የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። 24 ካራት ወርቅ ለጣት ቀለበት ስለሚለሰልስ መዳብ ወይም ብር ይጨምሩበትና 18 ካራት ያደርጉታል። አረር ሠሪም እርሳሱ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንዱ ቆርቆሮ ነው። የቤት ክዳኑን ማለቴ አይደለም፤ ሬዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ ከሚያቀልጡት ሽቦ ውስጥ ያለውን ማዕድን ነው። እሱ ቅልጡ እንደ ልብ እንዲፈስና ፎርማውን እስከ ጥጉ እንዲሞላ ያደርጋል። ሌላው አንቲሞኒ ነው፤ የሚያጠነክረው እሱ ነው።

ጥንካሬው ብሪኔል በሚባል ልኬት ይነገራል። ንጹሕ እርሳስ 5 አካባቢ ነው። ለመኪና ጎማ ባላንስ የሚለጠፈው እርሳስ 12 ገደማ ይሆናል። በድሮ ማተሚያ ቤቶች ላይኖታይፕ በሚባለው ማሽን ፊደል የሚቀረጽበት ቅይጥ ደግሞ 22 አካባቢ ይደርሳል። ከመቶው 84 እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ፣ 4 ቆርቆሮ ነው። አራት ኪሎ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 ሲቋቋም ኅትመት ማለት የእርሳስ ፊደል መደርደር ነበር። ፊደሉ ጠርዙ ስል ሆኖ እንዲወጣና በወረቀት ብዛት ቶሎ እንዳያልቅ አንቲሞኒው የግድ ነው። አረር ላይም ሥራው ያው ነው።

እንግዲህ ሰው ይህን ሲሰማ «22ቱን አምጣ!» ይላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ ልሙጥ አይደለም። ጠመዝማዛ ቦይ ተቆፍሮበታል። አረሩ በዚያ ቦይ ተይዞ እየተሽከረከረ ካልወጣ አቅጣጫውን አይጠብቅም። አረሩ ከቦዩ በጥቂቱ ካነሰ ግን የባሩዱ ትኩስ ጋዝ በጎንና በጎኑ ሾልኮ ያልፈዋል። በሚያልፍበት ጊዜ የአረሩን ጎን ያቀልጠዋል። ቅላጩም የአፈሙዙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጠመንጃውን ፈትታችሁ አፈሙዙን ወደ መስኮት አዙራችሁ ብታዩ፣ ቦዩን ተከትሎ የተጋደመ የሚያብረቀርቅ ብርማ መስመር ታያላችሁ። ይህ መስመር ከታየ የሚቀጥለው ጥይት የት እንደሚያርፍ ማንም ዋስ አይሆንም።

ለስላሳ አረር ይህን ጉድለት በተወሰነ ደረጃ በራሱ ይሸፍናል። ባሩዱ ከኋላ ሲመታው ቂጡ ይሰፋና ቦዩን ይደፍናል። በጣም የጠነከረ አረር ግን አይሰፋም። ያነሰው እንዳነሰ ይሄዳል፣ ጋዙም እየላሰው ይወጣል። ስለዚህ አፈሙዙ በእርሳስ የተለሰነበት ሰው «የበለጠ ጠንካራ ልሞክር» ሲል ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። እኔ ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው፤ መጀመሪያ ልክ፣ ቀጥሎ ጥንካሬ።

ልክ ማለት ምን ያህል ነው? አረሩ ከቦዩ ውስጠኛ ስፋት (በቦዩ ወለል ከተለካው የአፈሙዙ ክብ ስፋት ማለት ነው) ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። የቦዩን ስፋት ደግሞ ጠመንጃው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ማወቅ አይቻልም። የእንግሊዙን ጠመንጃ ሊ ኤንፊልድን ውሰዱ። ስሙ በኢንች 0.303 ነው፤ ወደ ሚሊ ሜትር ሲመጣ 7.7 ነው። የቦዩ ስፋት ግን በደንቡ 7.92 ነው። በጦርነት ጊዜ በጥድፊያ ከተሠሩት መካከል ከ8 ያለፈ አፈሙዝም ይገኛል። የአንዱ አረር ለሌላው አይሆንም ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጥይት አለመኖሩ በተረጋገጠ ባዶ ጠመንጃ ውስጥ ዘይት ይቀባል፣ ንጹሕ እርሳስ በዘንግ ቀስ ብሎ ዳር እስከ ዳር ይገፋል፣ የወጣው በማይክሮሜትር ይለካል። እርሳሱ የአፈሙዙን ልክ ይዞ ይወጣል። ከዚህ በፊት አረር መምረጥ ግምት ብቻ ነው።

ጥንካሬው የሚወሰነው ደግሞ በፍጥነቱ ነው። ውጅግራ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዩ ጠመንጃ ነው፤ አያቶቻችን ዓድዋ ላይ ከያዟቸው አንዱ ነው። 11 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 25 ግራም እርሳስ፣ በጥቁር ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አረሩ በወረቀት ይጠቀለል ነበር፤ እርሳሱ ከአፈሙዙ ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ። ለዚህ ፍጥነት ለስላሳ እርሳስ በቂ ነበር። በኋላ ጭስ የሌለው ባሩድ መጣና እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበን ከ600 ሜትር አለፈ። በዚያ ፍጥነት ራቁት እርሳስ ቦዩ ሊይዘው አይችልም፣ እየተላጠ ይወጣል። ልባስ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ዛሬም የእርሳስ አረር ለሚተኩስ ሰው ደንቡ ይኸው ነው። ቂጡ ላይ ምንም ያልተደረገበት አረር በሰከንድ እስከ 430 ሜትር ፍጥነት አካባቢ ይሠራል። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ቂጡ ላይ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደረግለታል፤ ጋዙን ይከላከልለታል። በዚህ እስከ 600 ድረስ መሄድ ይቻላል። ጎኑ ላይ ያሉት ቀለበቶች የሰም ቅባት መያዣ ናቸው።

ለአደን ከሆነ የአፍንጫው ቅርጽም ይታያል። እርሳስ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሹል ከሆነ ጠባብ ቀዳዳ በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል። ይህ የአደን ትልቁ ነውር ነው። አፍንጫው ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን ግን ባይሰፋ እንኳ በቂ ቁስል ያደርጋል። ለመካከለኛ አጋዘን ለስለስ ያለ፣ ሲመታ የሚሰፋ ይመረጣል። አጥንተ ወፍራም ለሆነ ትልቅ እንስሳ ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ይሻላል፣ ጠልቆ ስለሚገባ። ርቀቱም ማጠር አለበት፤ ከ150 ሜትር በላይ የእርሳስ አረር ቶሎ ይወድቃል። የባሌን ተራራ የደጋ አጋዘን ከሸለቆ ማዶ ለመምታት የሚሆን ነገር አይደለም።

እርሳሱ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ከጎሚስታ የሚገኘው የባላንስ እርሳስ እንደ ድሮው አይደለም፤ አሁን ብዙው ዚንክ ወይም ብረት ነው። ዚንክ ድስቱ ውስጥ ከገባ ቅልጡ ይጓጉላል፣ ፎርማው አይሞላም። ምናለሽ ተራ የሚሸጥ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ግን ጭራሽ አይነካ። አሲዱ አለ፣ አርሴኒክም አለበት፤ ዝቃጩ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ለእርሳስ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። ልጆች ላይ አእምሮን ይጎዳል። በአንድ ግቢ አምስት አባወራ በሚኖርበት ከተማ እርሳስ ማቅለጥ የጎረቤት ልጅ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይት ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ማደንም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።

በእርሳስ የተመታ ሥጋም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእርሳስ ቅንጣት ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ በዓይንም አይታይም። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ በሰፊው ተቆርጦ መጣል አለበት። ሆድ ዕቃውም ሜዳ ላይ አይተውም። ጥንብ አንሳ ከበላው ይመረዛል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት የከለከለችው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሆድ ዕቃው ጉድጓድ ተቆፍሮ መቀበር አለበት።