የኬንያ «ቻይ» ምንድን ነው?

ቻይ በስዋሂሊ ያው ሻይ ነው፤ ኬንያውያን ከወተትና ከስኳር ጋር አንድ ላይ የሚያፈሉት። ናይሮቢ ውስጥ የፓርኪንግ ጥበቃው መኪናችሁን ወደ ኋላ እየመራ አስወጥቶ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ካለና «ያ ቻይ፣ ቦስ» ካላችሁ ግን የጠየቀው ቲፕ ነው። እኛስ «የሻይ ጣል አድርግልኝ» እንል የለ? ጅቡቲ የሚሰማው የፈረንሳይኛው «ፑርቧር»ም ሲተረጎም «ለመጠጥ» ነው። ከፋርስ የመጣ «ባክሺሺ» የሚል ቃል ስዋሂሊም አለው፤ መንገድ ላይ የሚያሸንፈው ግን ቻይ ነው።

ስንት ይሰጣል? ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) ውስጥና «ኪባንዳ» በሚሏቸው የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ማንም ቲፕ አይጠብቅባችሁም። ተራ ካፌ ውስጥ 50 ወይም 100 ሽልንግ በቂ ነው። ቱሪስት የሚበዛበት ሬስቶራንት ውስጥ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ሂሳቡ ላይ ያለው 16 በመቶ ቫት የመንግሥት ነው፤ ትልልቅ ምግብ ቤቶች የሚጨምሩት 2 በመቶም ለቱሪዝም ፈንድ ይገባል። አስተናጋጇ ከሁለቱም ሳንቲም አታገኝም።

እዚህ ላይ ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው በሞባይል ገንዘቡ፣ በኤምፔሳ ነው። ኬንያ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ስለሠራ (እኛ ጋ የገባው በ2023 ነው፣ ሁሉም በፈረንጆቹ) ብዙ ሰው ጥሬ ገንዘብ መያዝ ትቷል። 850 ሽልንግ በልታችሁ በምግብ ቤቱ «ቲል» (የንግድ መክፈያ) ቁጥር 950 ብትልኩ፣ ትርፉ 100 ሽልንግ የሚያርፈው ባለቤቱ አካውንት ላይ ነው። ሂሳቡን በቲሉ ክፈሉ፤ ቲፑን የአስተናጋጇን የግል ስልክ ጠይቃችሁ ለብቻው ላኩ። እስከ 100 ሽልንግ ለግለሰብ ሲላክ የአገልግሎት ክፍያ የለውም፤ ለቲፕ የተሰፋ ይመስላል።

«ቻይ» የሚለው ቃል የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው። መንጃ ፈቃዳችሁን ተቀብሎ የማይመልስ ትራፊክም የሚጠይቀው ቻይ ነው። ወይም «ኪቱ ኪዶጎ» ይላል፣ «ትንሽ ነገር»። እኛ እጅ መንሻ የምንለው መሆኑ ነው። አስተናጋጇ ካስተናገደች በኋላ ትቀበላለች፤ እሱ ሳይከፈለው አያሳልፍም። በኬንያ የ2016ቱ የጉቦ ሕግ ደግሞ ተቀባዩን ብቻ አይዝም፤ ሰጪውንም እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።