አፎቻ፣ እድርና ክፍት ቴክኖሎጂ በሐረርና በድሬዳዋ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ለቅሶ ሲሆን ቀድሞ የሚደርሰው አፎቻ ነው። አፎቻ የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን ወንዶቹም ሴቶቹም የየራሳቸው አላቸው። ሰርግም ላይ አፎቻ አለ፣ ሐዘንም ላይ አለ። ከደንገጎ በኩል ወርደን ድሬዳዋ ስንገባ ደግሞ ይህን ሸክም በብዛት የሚሸከመው እድር ነው። እኔ ስለ ዴሞክራሲ ሲወራ መጀመሪያ የሚታዩኝ እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ሰው በየወሩ ተሰብስቦ የገዛ ገንዘቡን የሚቆጣጠርባቸው ቦታዎች ናቸው።

አሠራሩን ለማያውቅ፦ እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ሦስቱንም አባላት ይመርጣሉ፣ ካልጣሟቸውም ያወርዷቸዋል። ደንብ አለ። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል፣ ቀብር የቀረም ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የጋራ ንብረት ነው። ሁሉም የሚያርፈው መዝገቡ ላይ ነው፤ ያ ጠርዙ የተላላጠ ትልቅ ደብተር፣ በግራ የአባሉ ስም፣ ከዚያ ወራቱ በየአምዱ፣ የከፈለ ምልክት ይደረግለታል፣ ያልከፈለ ባዶ ይቀራል፣ በመጨረሻም ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «የባለፈው ወር ቅጣት የት ገባ?» ቢሉ እዚያው መልስ ያገኛሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስንት ትልልቅ ተቋም ይህን አያደርግም።

ድሬዳዋ ደግሞ ለዚህ ነገር የተመቸች ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ 1895 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው፤ ኢሳው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በከዚራና በመጋላ ተጎራብቶ ኖሯል። ዘመዱን ሩቅ ትቶ ለመጣ ሰው የእድር መዝገብ ላይ መግባት ማለት የሚቀብረው አገኘ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ቀበሌዎችም አብረው ተቋቋሙ፣ ብዙ የሰፈር ጉዳይም ወደነሱ ሄደ። እድር ግን አልፈረሰም።

የእድሩ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የሚገባ ከሆነ በክፍት ቴክኖሎጂ ይሁን እላለሁ። ክፍት ቴክኖሎጂ የምንለው ኮዱን ማንም ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያስተካክለው፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊጭነው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሊነክስ አለ፣ ለሰንጠረዥና ለደብዳቤ ሊብሬኦፊስ አለ፣ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ ስለገባ መዝገቡን በአማርኛ መጻፍ ችግር የለውም። ለካርታ ኦፕንስትሪትማፕ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ሲሆን ነዋሪው ራሱ መንገዱን፣ ቧንቧውን፣ ጤና ጣቢያውን ይመዘግብበታል። ድሬ ውስጥ ይሄ የቅንጦት ነገር አይደለም። ሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ያየ ሰፈር፣ የትኛው ቤት ከወንዙ ዳር እንዳለና አቅመ ደካማ የት እንደሚኖር በእጁ ቢኖረው ምን ያህል እንደሚጠቅመው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን መዋጮን በስልክ መላክ ቀላል ሆኗል። ቴሌብር 2013 ላይ መጣ፣ ሳፋሪኮምም ነሐሴ 2014 ላይ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ከድሬዳዋ ነው። ጥሩ ነው፣ እንጠቀምበት። የኔ ጭንቀት መዝገቡ ነው። የአባላት ስምና ሒሳብ በሙሉ አንድ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ከገባ፣ ዋጋ ሲጨምር ወይም አገልግሎቱ ሲቋረጥ እድሩ የገዛ ታሪኩን ለምኖ ሊያገኝ ነው። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ መቆየቱን አንርሳ። እድሩ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሊነክስ የተጫነበት፣ ፋይሉ በሁለት ፍላሽ ላይ የተገለበጠ፣ ያኔም ይሠራል።

ከዚህ ከፍ ያለ ነገር በሌላ አገር ተሞክሯል። ስፔን፣ ካታሎኒያ ውስጥ ጊፊኔት የሚባል ነዋሪው ራሱ የዘረጋው መረብ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አድጎ አሁን ከ30 ሺህ በላይ መገናኛ ነጥብ አለው። ባርሴሎና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ዴሲዲም የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ጀምራ ነዋሪው ሐሳብ ያቀርብበታል፣ ይከራከርበታል። እኛ ከዚያ መጀመር የለብንም፤ ከመዝገቡ እንጀምር።

መዝገቡን በእጃችን ይዘን ራሳችንን እንቻል ስል ግን በር ዘግቶ መቀመጥ ማለቴ አይደለም። ሐረር ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር፣ ሐይቁ ሲደርቅ ውኃው በድሬዳዋ አቅጣጫ ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ ተገፍቶ የሚመጣ ሆነ። አንድ አፎቻ ብቻውን የውኃ መስመር አይዘረጋም። ግን የየትኛው ሰፈር ቧንቧ ስንት ቀን እንደደረቀ በቀን በቀኑ መዝግቦ የያዘ ማኅበር ውኃ ቢሮ ሲሄድ የሚያሳየው ነገር አለው። «ውኃ የለም አቦ» ብሎ ከመጮህ በጣም ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮዱ ክፍት ይሁን ማለት የሰው ጓዳ ክፍት ይሁን ማለት አይደለም። እድር ማን እንደታመመ፣ ማን መክፈል እንዳቃተው ያውቃል። ይሄ ዝርዝር ቴሌግራም ላይ ሲዞር ማየት አልፈልግም፤ አሁን የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሌላው የትልልቆቹ ነገር ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ማንበብ የማይችሉ አባላት አሉ፣ ብዙ ጊዜም እድሩን ያቋቋሙት እነሱ ናቸው። ኮምፒውተር ገባ ተብሎ የወር ስብሰባው ከቀረ እነሱ ወጡ ማለት ነው። ስለዚህ ፋይሉ በየወሩ ይታተም፣ ጸሐፊውም እንደ ድሮው ቆሞ ያንብበው። ሁለት ሦስት የሰፈር ወጣቶችም አሠራሩን ይልመዱ፣ የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ እሱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ቀን ነገሩ ይቆማል።