አዲስ ቡችላን ከነባር ውሻ ጋር ማላመድ

ማላመድ የሚባለው ለዓመታት ቤቱን ይዞ የኖረ ውሻ ባለበት አዲስ ቡችላ ሲገባ፣ ሁለቱ ሳይፈራሩና ሳይነካከሱ አብረው መኖር እንዲችሉ የሚደረገው ዝግጅትና ክትትል ነው። የመጀመሪያው ቀን ትውውቅ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው፤ ዋናው ልፋት ያለው በሚቀጥሉት ሳምንታት ነው። የአብዛኛው አሳዳሪ ሐሳብ ከቡችላው ጋር ነው፤ ትንሽ ነው፣ ከእናቱ ተለይቷል፣ ሌሊቱን ያለቅሳል። ሆኖም ቡችላው አዲስ ነገር በቀላሉ በሚቀበልበት ዕድሜ ላይ ይገኛል። ሳይጠየቅ እንግዳ የመጣበት፣ መኝታውን፣ ጸጥታውንና የሰዎቹን እጅ ለመካፈል የተገደደው ነባሩ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ መመዘን ያለበትም በእርሱ በኩል ነው።

ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ባይለይ ይመረጣል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት የረጅም ዓመታት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ውሻ ከሌሎች ጋር መኖርን የሚማርበት ዋነኛ ወቅት ነው። የንክሻውን ልክ ማወቅ የሚጀምረውም ያኔ ነው፤ ወንድሙን ጠንከር አድርጎ ሲነክሰው ያኛው ይጮኽና ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ቡችላው ቤት ሲቀይር ይህ ትምህርት ገና አላለቀም። ቀሪውን የሚያስተምረው ነባሩ ውሻ ይሆናል።

ከትውውቁ በፊት ሁለቱንም የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት። ለቡችላ ገዳይ የሆኑት የፓርቮና የዲስቴምፐር ቫይረሶች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ 16 ሳምንት እስኪሆነው ድረስ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። የነባሩም ክትባት ጊዜው ያላለፈበት መሆን ይኖርበታል። ብዙ ቡችሎች ወስፋትን ከእናታቸው ማህፀን ወይም ወተት ይዘው ስለሚመጡ የትል መድኃኒቱም አይዘለልም።

ውሻ እንግዳን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ቡችላው ከመምጣቱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የተኛበትን ጨርቅ አምጥቶ መሬት ላይ ማኖር፣ ነባሩም በራሱ ጊዜ ቀርቦ እንዲያነፈንፈው መተው ይጠቅማል። ለትውውቁ የሚመረጠው ነባሩ የእኔ ነው የማይለው ቦታ ነው። የቡችላው ክትባት ካላለቀ ግን የማይታወቁ ውሾች የሚመላለሱበት ሜዳ አደገኛ ስለሆነ፣ የተከተቡ ውሾች ብቻ የሚገቡበት የታጠረ ግቢ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ ጥቂት ሜትሮች ተራርቀው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀራረባሉ። ገመዱ ላላ ማለት አለበት፤ የተወጠረ ገመድ ውሻውን መሸሻ ያሳጣዋል፣ የያዡንም ፍርሃት ያስተላልፍበታል።

ሲገናኙ የሚሆነው ነገር ፈጣን ነው። ቡችላው ሆዱ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ፣ ጭራውን ከነወገቡ እየቆላ፣ የትልቁን የአፍ ጠርዝ ለመላስ ይንጠራራል። ትልቁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከጭራው ሥር ያሸተዋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ ምላሱን በአፍንጫው ላይ አንዴ ያሳልፋል ወይም ያዛጋል። ይህ ማዛጋት የእንቅልፍ አይደለም፤ ለጊዜው ይበቃኛል ማለቱ ነው። በዚያች ቅጽበት ቡችላውን በለሆሳስ ጠርቶ ማራቅ፣ ትልቁ ውሻ ሰው እንደሚሰማው እንዲያውቅ ያደርገዋል። ጥቂት ሰከንድ አንዱ ሌላውን አሽትቶ መለያየት፣ ትንሽ ተራምዶ እንደገና መገናኘት፣ ለረጅም ጊዜ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ እጅግ ይሻላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ የተለመደውና እጅግ የሚጎዳው ስህተት ነባሩ ሲያጉረመርም መቆጣት ነው። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይነክስም። ፊቱን ያዞራል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ከንፈሩን ያነሳል፣ ያጉረመርማል፣ አየር ይነክሳል። በቁጣ ብዛት ማጉረምረም የተወ ውሻ ስሜቱ አልተለወጠም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ቡችላው ጆሮው ላይ ሲንጠለጠልበት ትልቁ አንዴ ቢያጉረመርምና ቡችላው ወደ ኋላ ቢል፣ የሰው ጣልቃ ገብነት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቡችላው መልእክቱን አልሰማ ሲል፣ ወይም ቡችላው ሸሽቶ እያለ ትልቁ ማሳደዱን ሳያቆም ሲቀር ነው።

«ማን አለቃ እንደሆነ ራሳቸው ይለዩ» የሚል ምክርም ይሰማል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መነሻ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ተኩላዎች ያሳተመው ጥናት ነው፤ የታዩት ተኩላዎች ግን በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የአራዊት ማቆያ ተዘግተው የሚኖሩ ነበሩ። በዱር ያሉትን ለዓመታት የተከታተለው አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፈው፣ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው ወላጆችና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ ነው፤ አለቃው በፀብ የሚለይበት ቡድን አይደለም። ይህን ምክር ተከትሎ የ10 ሳምንት ቡችላን ከጎልማሳ ውሻ ጋር ዘግቶ መተው ጭካኔ ነው።

በቤት ውስጥ ሁለቱን የሚለይ በር ወይም ለሕፃናት የሚሠራው ዓይነት አጥር ያስፈልጋል። ምግባቸውን በየክፍላቸው ይበላሉ፤ ነባሩ የሚሳሳላቸው መጫወቻዎችና አጥንቶች አብረው ባሉበት አይተዉም፤ ሰው በሌለ ጊዜም ተለያይተው ይቆያሉ። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ሊተኛ ይችላል። እንቅልፍ የጎደለው ቡችላ የባሰ ነካሽ ስለሚሆን ይህን ማስከበር ሁለቱንም ይጠቅማል፤ ነባሩም እንደ ድሮው ከአሳዳሪው ጋር ብቻውን ወጣ ብሎ የሚመለሰው በእነዚህ ሰዓታት ነው።

ዕድሜው የገፋ ውሻ መገጣጠሚያው የሚያመው፣ ጆሮው የከበደ ወይም ዓይኑ የደከመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውሻ ተኝቶ ሳለ ቡችላው ሲዘልበት የሚቆጣው ከክፋት ሳይሆን ከሕመም የተነሣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነባሩ በድንገት ቁጡ ቢሆን፣ ምግብ ቢተው ወይም ቀኑን ሙሉ ቢደበቅ፣ ከአሰልጣኝ በፊት ሐኪም መጠራት አለበት።

አንዳንዶቹ በቀናት ይላመዳሉ፣ ሌሎቹ ወራት ይፈጅባቸዋል። ትልቁ መሬት ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ትንሹ አንገቱ ላይ እንዲደርስበት ሆን ብሎ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ከታየ መላመዱ ሥር ይዟል። ፈጽሞ የማይጫወቱም አሉ፤ እነርሱም በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው እንቅልፍ ከወሰዳቸው በቂ ነው።