ፓርት 107 ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በድሮን ሥራ ልሥራ ያለ ሰው ካሜራውን ሳያስተካክል አንድ ጥያቄ ይቀድመዋል፦ «ፓርት 107 አለህ?» ቤት አሻሻጩ ይጠይቃል። ጣራ ሠሪው ይጠይቃል። ነቃ ያሉ ሙሽሮችም ይጠይቃሉ።

ጠያቂዎቹ ፈቃዱን ማለታቸው ነው። ፓርት 107 ግን ሲጀመር የደንብ ቁጥር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ ከ55 ፓውንድ (25 ኪሎ ገደማ) በታች የሚመዝኑ ድሮኖች ለሥራ ሲበሩ የሚተዳደሩበትን ሕግ ያሰፈረው በዚህ ክፍል ነው። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2016 ነው። ከዚያ በፊት ለሥራ ማብረር የፈለገ ሰው ልዩ ፈቃድ ደጅ መጥናት ነበረበት። በዚያ ላይ የእውነተኛ አውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ ይፈለግበት ነበር። በቦርሳ የምትያዝ ድሮን ለማስነሳት መጀመሪያ አውሮፕላን ማብረር ተማር እንደማለት ነው።

አሁን የሚሰጠው ወረቀት የርቀት አብራሪ ሰርተፊኬት ይባላል። ብዙ ሰው «የንግድ ድሮን ላይሰንስ» ይለዋል። ችግሩም ያለው «ንግድ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ብዙዎቻችን ገንዘብ ካልተቀበልን አይመለከተንም ብለን እናስባለን። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ተከፈለህ ወይ ብሎ ሳይሆን ለምን አበረርክ ብሎ ነው። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ ትረስት የሚባል ነጻ የኦንላይን ፈተና ወስደህ ማረጋገጫውን ትይዛለህ። ከመዝናናት ውጪ ያለው በሙሉ ግን ወደ ፓርት 107 ይገባል። የጓደኛህን ጣራ በረዶ ጎድቶት እንደሆነ በነጻ ብታይለት ሥራ ነው። ለትምህርት ቤት ድረ ገጽ የተማሪዎችን ጨዋታ ብታነሳም ሥራ ነው። ሳንቲም አለመቀበልህ አያድንህም።

እኔ ስለ ፈተናው መጀመሪያ ስሰማ፣ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ «አሁን ወደ ግራ፣ አሁን አሳርፍ» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ለሳምንታት ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር ስሠራ ከረምኩ። ፈተናው ላይ ግን ድሮን የሚባል ነገር አይነሳም። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ በ2 ሰዓት ውስጥ 60 የምርጫ ጥያቄ ትመልሳለህ። ለማለፍ 70 በመቶ፣ ማለትም 42 ጥያቄ ማግኘት አለብህ። ክፍያው 175 ዶላር ነው። ከወደቅክ 14 ቀን ጠብቀህ፣ እንደገና ከፍለህ ትቀመጣለህ። ዕድሜ 16 መሙላት አለበት፤ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና መረዳት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዜግነት ግን አይጠየቅም።

ታዲያ ማብረር ካልሆነ የሚፈተነው ምንድን ነው? በአመዛኙ የአየር ክልል ነው። ሰማዩ ከታች ስታየው ባዶ ይመስላል፤ በአብራሪዎች ካርታ ላይ ግን እንደ ከተማ መሬት ተሸንሽኗል። ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ጂ ላይ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም። ቢ፣ ሲ እና ዲ ውስጥ ግን አስቀድመህ ማስፈቀድ አለብህ። ኢ ደግሞ ከመሬት ሲጀምር ብቻ ነው የሚያስጠይቀው። ፈቃዱን ላንስ በሚባል ሥርዓት በስልክ አፕ ትጠይቃለህ፤ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ይመጣል።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ካርታው ላይ አንተ በቆምክበት ቦታ ሁለት ቁጥር ተደራርቦ ተጽፏል እንበል፦ ከላይ 40፣ ከሥር 12። በመቶ ጫማ ነው የሚነበበው። ያ ክልል ከ1,200 እስከ 4,000 ጫማ ድረስ የክላስ ሲ ነው ማለት ነው። ድሮን በተለመደው ከ400 ጫማ በላይ ስለማትወጣ ከሥር ሆነህ በሰላም ትሠራለህ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። አሁን 300 ጫማ የሚረዝም የስልክ ማማ ፈትሽ ተባልክ። ደንቡ ከማማው በ400 ጫማ ርቀት ውስጥ እስከቆየህ ድረስ ከጫፉ በላይ ተጨማሪ 400 ጫማ እንድትወጣ ይፈቅድልሃል። ስለዚህ 700 ጫማ ትችላለህ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የካርታው 1,200 የሚለካው ከባሕር ወለል ሲሆን፣ ያንተ 700 ግን ከመሬት ነው። የቆምክበት መሬት ከባሕር ወለል 700 ጫማ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ክላስ ሲ የሚጀምረው ከራስህ በላይ 500 ጫማ ላይ ነው። ሳታስፈቅድ 700 ከወጣህ የሌላ ሰው ግቢ ገብተሃል። እኔ ይህንን በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ስዬ ነው የገባኝ።

የአየር ሁኔታውም እንደዚሁ ነው። ሜታር የሚባል በምስጢር ጽሑፍ የተጻፈ የሚመስል የአየር ጠባይ ዘገባ አለ። ውስጡ ኦቪሲ008 የሚል ካየህ፣ ሰማዩ በ800 ጫማ ላይ ሙሉ በሙሉ በደመና ተሸፍኗል ማለት ነው። ሕጉ ከደመናው ሥር ቢያንስ 500 ጫማ ራቅ ስለሚል፣ የዛሬው ጣሪያህ 400 መሆኑ ቀርቶ 300 ሆነ። ስሌቱ የሦስተኛ ክፍል ነው። ግን ከድሮኗ ይልቅ ከላይ ያለውን ሄሊኮፕተር እንድታስብ ያስገድድሃል፤ ለእኔ ፈተናው እጅን ትቶ ጭንቅላት የሚፈትነው ለዚህ ይመስለኛል።

የቀረው የወረቀት ጉዞ ነው። አያክራ በሚባለው የኤፍኤኤ ድረ ገጽ ተመዝግበህ ቁጥር ታወጣለህ፣ በዚያ ቁጥር የፈተና ቀጠሮ ትይዛለህ፣ ስታልፍ እዚያው ታመለክታለህ። ከዚያ የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደሩ ማንነትህን ያጣራል። ጊዜያዊ ሰርተፊኬት ትቀበላለህ፤ ካርዱ በኋላ በፖስታ ይመጣል። በየ24 ወሩ ነጻ የኦንላይን ማደሻ ትምህርት ትወስዳለህ።

ድሮኗም ለብቻዋ ትመዘገባለች፤ ለ3 ዓመት 5 ዶላር ነው። እዚህ ላይ 249 ግራም የምትመዝን ድሮን ገዝቶ «እኔ ነጻ ነኝ» የሚል ብዙ ነው። ከ250 ግራም በታች ከምዝገባ ነጻ የምትሆነው ለመዝናኛ ስትበር ብቻ ነው። ለሥራ ካስነሳሃት ክብደቷ አያድናትም። ስትመዘገብ ደግሞ ሪሞት አይዲ ሊኖራት ግድ ነው፤ ማንነቷንና ያለችበትን ቦታ እየበረረች የምታስተላልፍበት ሥርዓት ነው።

ሰርተፊኬቱ የማይከፍተው በርም አለ። በአብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ድሮን ማስነሳትም ማሳረፍም ክልክል ነው፤ ፓርት 107 ቢኖርህም ያው ነው። ኢንሹራንስም አይሆንም። የማብረር ችሎታም አይሰጥህም፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ። ካርዴ በመጣ በሳምንቱ ድሮኔን ከዛፍ ጋር አላተምኳት። እየተንቀጠቀጥኩ ደንቡን ገለጥኩ። በ10 ቀን ውስጥ ለኤፍኤኤ ሪፖርት የሚደረገው ሰው ከባድ ጉዳት ሲደርስበት፣ ራሱን ሲስት ወይም ከድሮኗ ውጪ ያለ ንብረት ከ500 ዶላር በላይ ሲጎዳ ነው ይላል። የእኔዋ ድሮን ሁለት ክንፏ ተሰብሮ መሬት ላይ ተኝታለች፤ እሷ አትቆጠርም። ዛፉን ዞሬ አየሁት፤ አንድ ቅርንጫፍ እንኳን አልጎደለበትም።