ዲ-ዳይመር ከፍ አለ ማለት ደም ረጋ ማለት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስቀዳና ስመረምር ነው የምውለው። በቅርቡ አንዲት የ74 ዓመት እናት ውጤታቸውን በመስኮቱ ተቀብለው እዚያው ቆመው ቀሩ። ወረቀቱ ላይ 690 የሚል ቁጥር አለ። አጠገቡ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ልጄ፣ ደሜ ረግቷል ማለት ነው? እንዳትደብቂኝ" አሉኝ። የወረቀቱ ፎቶ በቴሌግራም ዋሽንግተን ያለው ልጃቸው ጋ ደርሷል፤ ስልካቸው መጮህ ጀምሯል።

የምርመራው ስም ዲ-ዳይመር ይባላል። ሐኪሞች የሚያዙት በእግር ወይም በሳንባ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖሩን ሲጠረጥሩ ነው። ከኮቪድ ወዲህ ስሙን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ትርጉሙ ግን በጣም ተዛብቷል፤ ሰው ያለምክንያት ሲደነግጥ፣ ሌላው ደግሞ ያለምክንያት ሲረጋጋ ሳይ ያሳዝነኛል። ከመስኮቱ ማዶ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

"ከፍ ካለ ደሜ ረግቷል"

አይደለም። ስንቆረጥ ወይም ደም ሥር ሲጎዳ ሰውነታችን ፋይብሪን የሚባል ክር ይሠራል። ክሩ እንደ መረብ ተያይዞ ደሙን ያረጋዋል። ኋላ ደግሞ ሰውነት ራሱ መረቡን ይቆራርጠዋል። ዲ-ዳይመር ከዚያ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው።

ፒያሳ በፈረሰ ሰሞን ፍርስራሽ የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ሲመላለሱ አይታችኋል። መኪናውን ስታዩ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እንደፈረሰ ታውቃላችሁ። የማን ቤት እንደሆነ፣ ፎቅ ይሁን አጥር፣ መኪናው አይነግራችሁም። ይህም ምርመራ እንደዚያው ነው። የሳንባ ምች ይዟችሁ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምና አድርጋችሁ፣ አጥንት ተሰብራችሁ፣ እርጉዝ ሆናችሁ ሊሆን ይችላል። ካንሰርና የጉበት በሽታም ከፍ ያደርጉታል። ዕድሜ ብቻውንም ከፍ ያደርገዋል። የረጋ ደም ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ መኖሩን የሚያረጋግጠው የእግር ዶፕለር አልትራሳውንድ ወይም የሳንባ ሲቲ ስካን ነው።

"እንዲህ ከሆነማ ምን ይሠራል?"

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ሳይነገር የሚቀር ነው። የዚህ ምርመራ ጉልበቱ "አለ" ሲል ሳይሆን "የለም" ሲል ነው። ፍርስራሽ የጫነ መኪና በጭራሽ ካልታየ የፈረሰ ቤት የለም ብሎ ለማለት ይቀላል። ሐኪሙ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ከገመተና ዲ-ዳይመሩም ከወሰኑ በታች ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ሲቲ ስካን አያስፈልግም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲቲው ጨረር አለው፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለው፣ ዋጋውም ብዙ ቤት ያናጋል።

አንድ "ከሆነ" ግን አትርሱ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ መገመት አለበት። ለዚህ ዌልስ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አለ። አንድ እግር አብጧል? ባለፉት 4 ሳምንታት ቀዶ ሕክምና ነበረ? 3 ቀንና ከዚያ በላይ አልጋ ላይ ተውሏል? ከዚህ በፊት ደም ረግቶ ያውቃል? ካንሰር አለ? ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ ይመታል? ከአክታ ጋር ደም ይመጣል? ነጥቡ ከፍ ካለ በቀጥታ ወደ ምስል ምርመራ መሄድ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ዲ-ዳይመሩ ዝቅ ቢል እንኳ እፎይ አያሰኝም።

"ወሰኑ 500 ነው፣ አለቀ"

እነዚያ እናት ያስደነገጣቸው ይህ ነው። 500 ናኖግራም በሚሊሊትር የተለመደው ወሰን ነው፤ ማሽኑ ቀስቱን የሚያትመው ከእሱ በላይ ያለውን ሁሉ አይቶ ነው። ዕድሜን አያይም። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ፣ የሐኪሙ ግምት ከፍተኛ ካልሆነ፣ ብዙ ሐኪሞች ዕድሜን በ10 ያባዛሉ። 74 ሲባዛ በ10፣ 740 ይመጣል። 690 ከዚያ በታች ነው። "እማማ፣ ቀስቱን ማሽኑ ነው ያተመው፤ ሐኪምዎ ጋ ይግቡ" አልኳቸው። ሐኪሙ እግራቸውን አይቶ፣ ትንፋሻቸውን አዳምጦ፣ ዕድሜያቸውን አስልቶ ወደ ቤት ሸኛቸው።

ሌላው ጣጣ የመለኪያው አሃድ ነው። አንዱ ላብራቶሪ 0.6 ማይክሮግራም ይላል፣ ሌላው 600 ናኖግራም ይላል፤ አንድ ናቸው። ከዚህም አልፎ ኤፍ.ኢ.ዩ እና ዲ.ዲ.ዩ የሚባሉ ሁለት አቆጣጠሮች አሉ። የመጀመሪያው የሁለተኛውን እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ስታዲየም አካባቢ 300 የተባለውና ሜክሲኮ 600 የተባለው ደም ምንም ለውጥ የሌለው ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የማባዛቱም ስሌት ለኤፍ.ኢ.ዩ ነው። እባካችሁ የጎረቤትን ቁጥር ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ።

"ባዶ ሆዴን ነው የመጣሁት"

አያስፈልግም። ቁርሳችሁን በልታችሁ ኑ። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው፤ ሰማያዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ እስከ መስመሩ መሙላት አለበት። ውስጡ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት አለ፤ ልኩም 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ነው። ከጎደለ ውጤቱ ይዛባል። "ድጋሚ ልቀዳ" ስንል ብዙ ሰው ይቆጣል፤ የምንደግመው ለዚህ ነው።

"ለማንኛውም ቼክአፕ ላይ ይጨመርልኝ"

ምልክት የሌለው ጤነኛ ሰው ባያሠራው ይሻላል። ትርፉ ስጋትና ተጨማሪ ወጪ ነው።

"የደም ማቅጠኛ መርፌ ጀምሬያለሁ፤ አሁን ለምርመራው ደም ብሰጥም ያው ነው"

ያው አይደለም። ደም ማቅጠኛ ከተጀመረ በኋላ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ሕመሙ ሳምንታት ካስቆጠረም እንዲሁ። የምትወስዱትን መድኃኒትና ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ለሐኪሙ ንገሩ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ደግሞ የደም ማቅጠኛ ምትክ አይሆኑም።

"አራስ ናት፣ እግሯ ማበጡ ያለ ነው"

ሁለቱም እግር እኩል ቢያብጥ ብዙ ጊዜ ያለ ነው። አንዱ ብቻ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። እህቴ በወለደች በ12ኛው ቀን ግራ ባቷን አመማት። ጎረቤቶች ቅቤ አቅልጠው ሊያሹላት ተቀምጠዋል። ወጌሻ ይጠራ ያለም ነበር። በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱንም ባቶቿን ለካሁ፤ ግራው በ4 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ማሸቱን አስቁሜ ይዣት ወጣሁ።

እናቴ "ያንን ያንቺን ምርመራ ይዘዙላት" ስትል ሐኪሟ አይጠቅማትም አለ። በእርግዝና ጊዜ ዲ-ዳይመር እየጨመረ ይሄዳል፣ ከወሊድ በኋላም ለሳምንታት ከፍ እንዳለ ይቆያል። በቀጥታ ዶፕለር አዘዘላት። የረጋ ደም ተገኘ፤ ከጉልበቷ በላይ ደርሷል። በዚያው ቀን መርፌ ተጀመረላት፤ ማጥባቷንም አላቋረጠችም።

ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደም የመርጋት አደጋ የሚበረታባቸው ናቸው። አራስ ከአልጋ እንዳትነሳ የሚከለክል ዘመድ ካለ ይህን ንገሩልኝ። ሐኪም ካልከለከላት በቀር ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። ትንፋሽ በድንገት ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ደም ካስሳላት ወይም ራሷን ከሳተች የላብራቶሪ ወረፋ አታስይዟት። 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።