ስለ ክሪስቲ ሪንግ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኸርሊንግ አየርላንዳውያን በእንጨት ዱላና በትንሽ የቆዳ ኳስ፣ በአንድ ወገን 15 ሆነው የሚጫወቱት ጥንታዊ ጨዋታ ነው። የእኛን ገና ያስታውሳል፤ ነገር ግን ኳሱ መሬት ለመሬት ብቻ ሳይሆን በአየር ላይም ይመታል፣ በእጅም ይቀለባል። ከ1940 እስከ 1963 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በመላ አየርላንድ ሻምፒዮና ለኮርክ አውራጃ ቡድን የተሰለፈው አጥቂ ክሪስቲ ሪንግ ከዚህ ጨዋታ ታላላቆች አንዱ ቢሆንም፣ ስለ እርሱ በስህተት የሚነገረው ጥቂት አይደለም።

«የሜዳሊያ ክብረ ወሰኑ እስካሁን የእርሱ ነው» የሚለው ትክክል አይደለም። ሪንግ በ1941፣ 1942፣ 1943፣ 1944፣ 1946፣ 1952፣ 1953 እና 1954 ሻምፒዮን ሆኖ፣ ሜዳ ላይ ተጫውቶ ስምንት ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። የቲፐራሪው ጆን ዶይል በ1965 እኩል ሆነው፤ የኪልኬኒው ሄንሪ ሼፍሊን ደግሞ በ2014 አሥር አደረሰው።

የከተማ ልጅ አድርገው የሚቆጥሩትም አሉ። ከ1941 ጀምሮ የተጫወተበት ግሌን ሮቨርስ የኮርክ ከተማ ክለብ ስለሆነ ነው፤ ሪንግ ግን ተወልዶ ያደገው፣ በኋላም የተቀበረው በክሎይን መንደር ነው።

የእግር ኳስ ተመልካች በቀላሉ የሚሳሳተው የጎል ቁጥሩን ሲያይ ነው። በሻምፒዮናው 64 ጨዋታ 33 ጎል ማስቆጠሩን ሰምቶ ጥሩ ነው ብሎ ያልፋል። በኸርሊንግ ግን ከአግዳሚው በታች የገባ ኳስ ጎል ሆኖ ሦስት ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈው ደግሞ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ሪንግ ከ33ቱ ጎሎች ሌላ 208 ነጥብ ስላለው ድምሩ 307 ይሆናል። በ24 ዓመት 64 ጨዋታ ብቻ መሆኑም በተደጋጋሚ ከቡድን በመቅረቱ የመጣ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በሻምፒዮናው አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ዓመቱ በዚያው ስለሚያበቃ ነው።

በደመወዝ የሚኖር ስፖርተኛ መስሎ የሚታያቸውም ተሳስተዋል። ጨዋታው አማተር ነበር፣ ዛሬም ነው። ሪንግ እንጀራውን የሚበላው የነዳጅ ማመላለሻ መኪና በመንዳት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ መታረም ያለበት ግን ከ1954 በኋላ «አበቃለት» የሚለው አባባል ይመስለኛል። በ1956 በማንስተር ክፍለ ሀገር ፍጻሜ ኮርክ በሊመሪክ ሲመራ ቆይቶ፣ የ35 ዓመቱ ሪንግ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሦስት ጎል አስቆጥሮ ውጤቱን ገለበጠው። በኮርክ በተከሰተው የፖሊዮ ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ሴፕቴምበር መገባደጃ የተገፋው የዚያ ዓመት የመላ አየርላንድ ፍጻሜ ዘጠነኛ ሜዳሊያውን ሊያስገኝለት ይችል ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሪንግ የመታትን ኳስ የዌክስፎርዱ በረኛ አርት ፎሊ አዳናት፤ ወዲያውም በሌላው ጫፍ ኒኪ ራካርድ ለዌክስፎርድ ጎል አገባ። ዌክስፎርድ 2 ጎልና 14 ነጥብ ለ2 ጎልና 8 ነጥብ ኮርክን አሸነፈ። ይህን ቀን የውድቀቱ ቀን አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ቀጥሎ የሆነውን ይዘሉታል፤ አሸናፊዎቹ ኒክ ኦዶኔልና ቦቢ ራካርድ በገዛ ድላቸው ሰዓት ተቀናቃኛቸውን ሪንግን በትከሻቸው ተሸክመው ከክሮክ ፓርክ ሜዳ አወጡት። ለተሸናፊ ተጫዋች ከዚህ የሚበልጥ ክብር አላውቅም።

ከዚያም በኋላ ቢሆን አላቆመም። በ1959፣ በ38 ዓመቱ፣ የዓመቱ ምርጥ የኸርሊንግ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ ለግሌን ሮቨርስም እስከ 1967 ድረስ ተጫወተ።