ጭቃ ለምን ይቦካል?

የጭቃ ቤት ሲሠራ ትልልቆቹ «ገና አልቦካም፣ ይቆይ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን ዝም ብሎ ልማድ ይመስለዋል። ግን በቂ ምክንያት አለው።

አፈር፣ ውኃና የጤፍ ጭድ ተቀላቅሎ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት ይተዋል፤ በየመሀሉ ውኃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። በዚህ ጊዜ ውኃው የአፈሩን ጓል ፈትቶ ውስጡ ድረስ ይገባል። ጭዱ ይለሰልሳል፣ በከፊልም ይበሰብሳል። ከዚህ የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር አፈሩን እርስ በርስ ያያይዘዋል። ያልበሰበሰው ጭድ ደግሞ ግድግዳው ሲደርቅ በሰፊው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ሽታው ደስ አይልም፤ ግን ጥሩ ምልክት ነው።

የመጀመሪያው ምርጊት ቢሰነጠቅ አትደንግጡ። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው፣ ቀጭኑ ምርጊት ይመጣል፤ ስንጥቁም መያዣ ይሆነዋል።

በሲሚንቶ ቢለሰንስ? እኔ አልመክርም። ጭቃ እርጥበት ሲስብና ሲለቅ ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። እርጥበቱ ከኋላው ይታመቃል፣ ልስኑ ይላቀቃል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ያንን ገንዘብ ለድንጋይ መሠረትና ወጣ ላለ የጣሪያ ክፈፍ ማዋል ይሻላል።

ማሊ ውስጥ ያለው የጄኔ ታላቁ መስጊድ የአሁኑ ሕንፃ በ1907 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ የቆመው ነዋሪው በየዓመቱ ወጥቶ በጭቃ ስለሚመርገው ነው። የእኛም ግድግዳ ይህንኑ ይፈልጋል፦ ክረምት ሳይገባ ደቦ ጠርቶ የተላቀቀውን መምረግ።